«ጆሮዬን ነው»

ጆሮዬን አላመመኝም ነበር። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከሙሻ ደሴት አጠገብ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ የያዘኝ ፍርሃት ነው። ይህን ያን ጊዜ ለአሰልጣኜ አልነገርኩትም፤ ጀልባው ላይ አብረውኝ ለነበሩት አልነገርኩም፤ በባትሪ ጆሮዬን ለመረመረኝ ሐኪም እንኳ አልነገርኩም። ከሁሉም በላይ ልትሰማው ይገባት ለነበረች አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ አልነገርኳትም። የፈራ ሰው ንስሐ አይገባም፤ ፍርሃት ከእግዜር የተሰጠ ነው። እኔ የምናዘዘው ፍርሃቴን በሌላ ስም ጠርቼ በማሳለፌና ዕዳውን ሌላ ሰው እንዲከፍለው በማድረጌ ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ ያደገ ሰው ውሃን የሚያውቀው ከምንጭ ሲቀዳና ከሰማይ በረዶ ሆኖ ሲወርድ ነው። ጅቡቲ ያመጣኝ እንጀራ ነው፤ ትራንዚተር ነኝ። ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላዩ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ወደቦች ስለሆነ እንደኔ ያለ ሰው እዚህ ብርቅ አይደለም። ጠዋት ዶራሌ ወደብ፣ ከሰዓት ቢሮ፤ ኮንቴይነር መከታተል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን መሙላት፣ ጋላፊ ኬላ ላይ ተሰልፎ የተማረረ ሹፌር በስልክ ማረጋጋት። ሥራዬ ባጭሩ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውና ሳጥኑ ውስጥ ያለው መግጠማቸውን ማረጋገጥ ነው። የሐሰት ዲክላራሲዮን ገና ሳልከፍተው ይሸተኛል እያልኩ የምኩራራ ሰው ነበርኩ።

የኔ ዕድሜ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በቁጭት ነው። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ከምጽዋና ከአሰብ ጋር የተለያየን ትውልድ ነን። ምሳ ሰዓት ላይ ከአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት ስንቀመጥ ወሬያችን ወደብ ነው፤ ቡና ላይም ወደብ ነው። ስለ ባሕር በር ሌሊቱን ሙሉ ብንከራከር አይደክመንም፤ ከተከራካሪዎቹ አብዛኞቻችን ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ውሃ ገብተን አናውቅም። አንድ ቀን ቢሮአችን ውስጥ በዕድሜ ትንሿ የሆነችው ልጅ፣ ክርክሩን እስኪበቃት ካዳመጠች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ያህል ስለ ባሕር የሚያወሩት ውስጡን አይተውት ያውቃሉ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁብኝ። በሳምንቱ ሁለታችንም ዋና ለመማር ተመዘገብን፤ ዋናውን ስንለምድ ጠለቃው ተከተለ። ያነሣሣችው እሷ ናት፤ በየሄድንበት ግን ሰዉ የሚያመሰግነው እኔን ነበር፤ «በዚህ ዕድሜው!» እያለ። ምስጋናውን ወደ እሷ መልሼ አላውቅም።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ጅቡቲ በጠላቂዎች ዘንድ ስሟ የሚነሣው ዌል ሻርክ በሚባለው ግዙፍ ዓሣ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው በአርታ ዳርቻ ይሰበሰባሉ፤ አብዛኞቹ ገና ያልጎረመሱ ወንዶች ናቸው። አፋቸው ሰው የሚውጥ ይመስላል፤ የሚበሉት ግን በዋናነት ፕላንክተን የሚባሉትን ጥቃቅን የባሕር ፍጡራን ነው። በዚያ ወራት ውሃው በፕላንክተን ስለሚሞላ ከላይ ሰማያዊ የመሰለው ባሕር ከውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። ዓሣውን የሚጠራው ሲሳይ የጠላቂውን ዓይን ይጋርዳል። እኛ የምንለማመደው ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች አካባቢ ቢሆንም ውሃው ያው ነው።

ያ ቀን የታኅሣሥ ዓርብ ነበር፤ ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነው። አሰልጣኛችን የጅቡቲ ተወላጅ ነው፤ አማርኛን ከኛ ሹፌሮች ስለለቀመው ትንሹንም ትልቁንም «አንተ» ይላል። ጀልባው ላይ ምልክቶቹን አስከለሰን። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር «ጎበዝ» ማለት ሳይሆን «እንውጣ» ማለት ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተገናኝተው ቀለበት ሲሠሩ «ደኅና ነኝ» ነው። መዳፍ ተዘርግቶ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ «ችግር አለ»፤ ከዚያ ችግሩ ያለበትን ቦታ በጣት መጠቆም፤ ጆሮ ከሆነ ጆሮን፣ የጨነቀው ሰው ደግሞ ደረቱን። «ማንም በማንኛውም ሰዓት እንውጣ ማለት ይችላል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም» አለ። ቀጥሎም፣ «ጀግና እዚህ አንፈልግም፤ ጀግና ከኔ ጋር አይወርድም» አለ። ሳቅን። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

መልሕቁ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዘን ወረድን፤ እኔ ከአሰልጣኙ፣ እሷ ከረዳቱ ጋር። በየሜትሩ አፍንጫዬን በሁለት ጣት ይዤ ወደ ጆሮዬ ስነፋ ጠሽ እያለ ይከፈትልኛል። ጆሮዬ ያን ቀን ከመቼውም ይልቅ ታዛዥ ነበር። ስምንት ሜትር ገደማ ላይ ቀና ስል የጀልባችን ሆድ ጠፍቷል፤ ዝቅ ስል ወለሉ አይታይም፤ የራሴ ፊን ጫፍ አረንጓዴው ውስጥ ሟሙቷል። ከማስኬ ሥር ጥቂት ውሃ ገብቶ አፍንጫዬን ነካው። ማስክ ውስጥ የገባን ውሃ በአፍንጫ እየነፉ ማስወጣት የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው። እጄ ግን ገመዱን አልለቅ አለ፤ ትንፋሼም ከደረቴ ጫፍ እየነጠረ የሚመለስ ሆነ።

አሥራ ሁለት ሜትር ስንደርስ አየር አለቀብኝ። አለቀብኝ ያልኩት ደረቴ ያለኝን ነው። የአየር መለኪያውን ጌጅ ሳየው 180 ባር ይላል። የ12 ሊትር ሲሊንደር በ180 ባር ሲሞላ 2,160 ሊትር አየር ይይዛል፤ እዚያ ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከላዩ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ አየሩ ቶሎ ቢያልቅም፣ ረጋ ብዬ ብተነፍስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያቆየኛል። ቁጥሩን አየሁት፤ አነበብኩት፤ አላመንኩትም። ኋላ እንደተማርኩት ሰውነት «አየር አነሰኝ» ብሎ የሚጮኸው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛበት ነው። የፈራ ሰው ቶሎ ቶሎ ግን አጭር አጭር ስለሚተነፍስ የተቃጠለውን አየር አያወጣውም፤ ባላወጣው ቁጥር ይታፈናል፤ በታፈነ ቁጥር ይበልጥ ይቸኩላል። ክቡን የሚሰብረው ረጅም ወደ ውጭ መተንፈስ ነው፤ አየር ያጠረው የመሰለው ሰው ያለችውን ማውጣት አለበት። ይህን ብቻዬን ማድረግ አልቻልኩም። የሚያስደርገኝ ሰው ግን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

አሰልጣኙ ቀለበት ሠርቶ «ደኅና ነህ?» አለኝ። መዳፌን ዘርግቼ አወዛወዝኩ። «የቱ ጋ?» አለ በዓይኑ። ጣቴ ወደ ደረቴ ሊሄድ ጀመረ፤ መንገድ ላይ ተመልሶ ጆሮዬን ጠቆመ።

ከዚያ ቀን ሁሉ ያልገባኝ ይህ ነው። ማስኬን ለማጥራት እጅ ያጣሁ ሰው ለመዋሸት እጅ አገኘሁ። ሞት ደርሶብኛል ብዬ ባመንኩበት ደቂቃ እንኳ አእምሮዬ ቁጭ ብሎ የሚያሳፍረውንና የማያሳፍረውን ሕመም ይመርጥልኝ ነበር። ጆሮ የተከበረ ሕመም ነው፤ አንጋፋ ጠላቂንም ያምመዋል። ፍርሃት ግን ስለ ምጽዋ ሌሊቱን ሲያወራ ለሚያድር ሰው፣ «ጋሼ» ለሚባል ሰው፣ አይመጥንም።

ውሸቱ ዋጋውን ለማስከፈል ጊዜ አልፈጀበትም። ጆሮውን ላመመው ሰው የሚደረገው ከፍ ብሎ መጠበቅና ቀስ ብሎ እንደገና መሞከር ነው። አሰልጣኙ እንደ ሥርዓቱ አንድ ሜትር ከፍ አደረገኝና አፍንጫህን ይዘህ ንፋ አለኝ። ነፋሁ። ደግሞ አንድ ሜትር። ንፋ። ሰውየው ላልታመመ ጆሮ ታጋሽ ሐኪም ሆኖ ሳለ እኔ አፍንጫዬን በያዝኩ ቁጥር የቀረችኝን ትንፋሽ እያቋረጥኩ እታፈናለሁ። በመጨረሻ ግራ እጄ ከኔ ሳያስፈቅድ ጃኬቴ ላይ ወዳለው የአየር መሙያ ቁልፍ ሄደ። አንድ ጊዜ ብጫነው እንደ ቡሽ ወደ ላይ እተፋ ነበር። በዚያ ጥልቀት የተሞላ ሳንባ ትንፋሹን እንደያዘ ቢወጣ አየሩ እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ሳንባ ሊቀደድ ይችላል። አሰልጣኙ ዓይኔን አይቶ ይሆናል፤ እጁ ቀድሞኝ ቁልፉ ላይ ደረሰ። የጣቱ ጥፍር ውሃው አሽቶት ነጭ ሆኖ እንደነበር እስካሁን አስታውሳለሁ። ጣቴን አንድ በአንድ አላቀቀው፤ ሌላ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተንፍስ እያለ አሳየኝና ቀስ ብለን ወጣን።

እጅ ከኅሊና ቀድሞ ሲሄድ ምን እንደሚያደርስ አገራችን በመራራ ሁኔታ አይታዋለች። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ነዳጁ ሲያልቅ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ጠላፊዎቹ እየታገሏቸው ኮሞሮስ ላይ ከባሕሩ ዳርቻ አስጠግተው አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ከነሱ መካከል የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ የነፉ ነበሩ፤ ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው ገፍቶ ያዛቸው፣ ጠልቀው ወደ በር መውጣት አልሆነላቸውም። «ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ አይንፉ» የምትለው ቃል በየበረራው የምትነገር ናት። በነሱ ላይ የምፈርድ አይደለሁም፤ አውሮፕላን ከሰማይ ወርዶባቸዋል። እኔ ላይ የወረደብኝ ግን የለም። ከሁለት ሺህ ሊትር የማያንስ አየር ጀርባዬ ላይ፣ የሚያስተምር ሰው ፊቴ ላይ ነበር፤ በመካከላችን የቆመው የኔ ጣት የጠቆመው ሐሰት ብቻ ነው።

ጀልባው ላይ «ጆሮዬን ነው» አልኩ። ሁሉም አዘኑልኝ፤ ፎጣ ተሰጠኝ፣ ጥላው ሥር ቦታ ተለቀቀልኝ። እሷም ትንሽ ቆይታ ወጣች። ከንፈሯ ነጭ ነበር፤ ምንም አላለችም። ምን ሆንሽ አላልኳትም። ይልቅ ጆሮዬን በመዳፌ ከድኜ አሰልጣኙን በጥያቄ ያዝኩት። እሷ በማግስቱ ለገና ከነጋድ ጣቢያ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ነበርና፣ ጠልቆ ወዲያው ከፍታ መውጣት እንዴት ነው አልኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው አለኝ። ውሃ ውስጥ በግፊት ሰውነት ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ አንድ ጊዜ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆያል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሰው አውሮፕላን ውስጥ ከሚሰማው የአየር ግፊት ብዙም አይለይም፤ በባቡርም ተኬደ በመኪና፣ ለናይትሮጅኑ ያው ነው። ለአገራችን ጠላቂ ይህ ሊታወቅ የሚገባ ነገር ነው፤ እዚህ ባሕር ገብቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ አብዛኛው ሰው ተራራ ይወጣልና። እኔ ግን የጠየቅሁት ስለ እሷ ተጨንቄ አልነበረም። ስለ ናይትሮጅን መጠየቅ አዋቂ ያስመስላል። ስለ ባቡሯ አንድ በአንድ ስጠይቅ ስለ ነጣው ከንፈሯ አንዲት ቃል አልወጣኝም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኔ የባሰውን አደረግሁ፤ ሌላ በሽታ አስመዘገብኩ። አሰልጣኙ ሐኪም ሳያይህ አትወርድም ስላለኝ በሳምንቱ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ደግሞ ግራውን አየ። «ጆሮህ የሕፃን ጆሮ ነው» አለኝ። ለጤነኛ ጆሮ ፍራንኬን ከፍዬ ወጣሁ፤ መንገዱንም ሁሉ ሐኪሙ ምን ያህል ሰነፍ እንደሆነ እያሰብኩ ሄድኩ። ውሸታም ሰው የራሱን ውሸት ያላገኘለትን ሐኪም እንዲህ ይታዘባል።

ሁለተኛው ውሸቴ ከዚህ ይከፋል። ጆሮ የሚለው ወሬ ሲያረጅብኝ ወዳጆቼ ዘንድ ወደ ፍርሃቱ ተጠጋሁ፤ ራቁቱን ግን አላወጣሁትም። በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ኦቦክ ግዛት ጎዶርያ አጠገብ ተገልብጠዋል፤ በመጀመሪያዋ ብቻ ቢያንስ 38 ሰው ሞቷል፤ ሁለቱም ኢትዮጵያውያንን የጫኑ ነበሩ። እኔም ቡና ላይ፣ «ውሃው ውስጥ እያለሁ እነዚያ ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ከዚያ መውረድ አቃተኝ» አልኩ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ነፍስ ይማር አሉ፤ እኔም ከበሬታ አገኘሁ። እዚያ ታች ማንም ትዝ አላለኝም። የተሰማኝ የገዛ ነፍሴ ብቻ ነው። ምርጫ አጥተው፣ ዋና ሳያውቁ፣ ሌሊት በተጨናነቀች ጀልባ የሞቱትን ሰዎች ከፍዬ ለገባሁበት መዝናኛ መሸፈኛ አደረግኋቸው። ስለ ጆሮዬ በሰጠሁት ምስክርነት የተጎዳ ሙት የለም፤ በዚህኛው ግን ሙታንን ሰደብኩ። በዚህ ጽሑፍ ካልተናዘዝኩት የትም የምናዘዘው አይመስለኝም።

ልጅቷ ከገና ስትመለስ ጠለቃውን ተወችው። ሰበብ አላበዛችም፤ «በቃኝ» አለች። እኔም ወጣት አይጸናም ብዬ አለፍኩት። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ምሽት የዘገየ ጭነት ሰነድ ስንጠብቅ ቢሮ አመሸን፤ አየር ማቀዝቀዣው ሲንጫጫ፣ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳታነሣ ጀመረችው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ፈርቼ ነበር። ረዳቱ በጠየቀኝ ቁጥር ደኅና ነኝ እላለሁ እንጂ የመተንፈሻውን ጎማ ልቆርጠው እስክደርስ ነክሼው ነበር። እርስዎ ጆሮዎን እያመመዎት ረጋ ብለው ሲወጡ አይቼ፣ ሰው የሚያመው እንዲህ ያለ ነገር ነው፣ እኔ ምን ሆኜ ነው አልኩ። ባሕር ለኔ አልተፈጠረም ብዬ ተውኩት።»

«ጆሮዬን አልነበረም» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ የተናገረችው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት በተሻለኝ። «ምነው ታዲያ ያን ጊዜ?» አለችኝ። መልስ ሳጣ ደግሞ፣ «ለአሰልጣኙስ ነግረውታል?» አለች። ለእሷ መንገሬ ብቻውን ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ በአንድ ጥያቄ ልኩን አሳየችው።

የሚቀጥለው ዓርብ ነገርኩት። አሰልጣኙ ሲሊንደር እያራገፈ ነበር፤ አስቀመጠውና አዳመጠኝ። «ጆሮ ስትለኝ አንድ ሜትር ወጥቼ ጠበቅሁህ፤ ፍርሃት ብትለኝ ዓይንህን ይዤ አስተነፍስህ ነበር» አለኝ። ቀጥሎ ያለው ግን ይበልጥ ቆረጠመኝ። በኔ ምክንያት ለጀማሪዎች ሁሉ ስለ ጆሮ የሚሰጠውን ትምህርት አርዝሞታል፤ ያንን ሰዓት ያገኘው ስለ መረበሽና ስለ ትንፋሽ ከሚያስተምረው ቀንሶ ነው። አንድ ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን፣ የማላውቃቸው ተማሪዎች የሚማሩትን ለውጧል።

የንስሐ አባት ኑዛዜ ሰምቶ ቀኖና እንደሚሰጥ እሱም ሰጠኝ። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ገና ከጀመሩ ልጆች ጋር ተንበርክኬ፣ ማስኬን አውልቄ ፊቴን ውሃው ውስጥ እንደነከርኩ በሬጉሌተር፣ አፍ ላይ በሚያዘው የአየር መተንፈሻ፣ መተንፈስ፤ እስኪሰለቸኝ ድረስ። «የሚሰለቸው ሰው አይፈራም» አለኝ። ከልጆቹ አንዱ የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነበር፤ እኔ ሳስል ይስቃል። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ኋላ ግን ልጁ ራሱ ማስኩን ማውለቅ ሲከብደው ወደኔ እያየ አደረገው። ሲያየኝ የነበረው እያሳልኩ እንደማደርገው ስላወቀ ነው።

ከዚህ የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ታላቅ ሰው የማይፈራ መስሎ ሲታይ ታናሹን የሚያደፋፍር ይመስለዋል። እንዲያውም ብቻውን ይተወዋል። የኛ ልጆች ታላላቆቻቸው ሲታመሙ አይተው ያውቃሉ፤ ሲደኸዩ አይተው ያውቃሉ፤ ሲፈሩ ግን አላዩም። እና ፍርሃት ሲመጣባቸው ከዓለም በነሱ ላይ ብቻ የመጣ መቅሠፍት ይመስላቸዋል። እኔ ያን ቀን ደረቴን ጠቁሜ ቢሆን ኖሮ እሷ ጀልባው ላይ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም?» ትል ነበር፤ ተሳስቀን እንመለስ ነበር።

እሷ አልተመለሰችም፤ እንድትመለስም አልለምናትም፤ ባሕሩን በኔ ንስሐ ልመልስላት አልችልም። እኔ እወርዳለሁ፤ ከመውረዴ በፊት ጀልባው ላይ እንዴት እንደሆንኩ እናገራለሁ፤ ደረቴን ጠቁሜ የተመለስኩባቸውም ቀናት አሉ። እሑድ ጠዋት ሥራ ስንገባ ሻይዋን እንደያዘች፣ «ዓርብስ ፈሩ?» ትለኛለች። እንደ ቀኑ እመልስላታለሁ፤ አንዳንዱን «ፈራሁ»፣ አንዳንዱን «አልፈራሁም»። ሁለተኛውን ስላት የምታምነኝ የመጀመሪያውንም ስለምላት ነው።